ጉልትና ጉልቻ

አመሻሹ ላይ አየር ጤና ከታክሲ ትወርዱና ቤት ሽንኩርት ማለቁ ትዝ ይላችኋል። ጉልት ጎራ ትላላችሁ፤ ሽንኩርት፣ አንድ መደብ ቲማቲም፣ ትንሽ ቃሪያ። ቃሪያውንና ቲማቲሙንስ ቤት ገብታችሁ ትከትፉታላችሁ። "ጉልት" የሚለውን ቃል ግን ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?

ቀጠሮ ያረፈደብንን ሰው "ሁለት ሰዓት ተጎልቼ!" እንለዋለን። ጎለተ ማለት ንቅንቅ እንዳይል አድርጎ አስቀመጠ ማለት ነው። ሻጯን እዩዋት፤ ማዳበሪያዋን አንጥፋ፣ መደቡን ደርድራ፣ ጃንጥላዋን ተክላ፣ እስኪመሽ እዚያው ናት። የገበያው ስም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሌላው ዘመዱ ወጥ ቤት አለ፤ ጉልቻ። "ት" የት ገባች? ምላሳችሁን ጠይቁት። "በሩን ክፈት" በሉ፤ ቀጥላችሁ "ክፈቺ"። ምላሳችሁ ከጥርስ ሥር ተነሥቶ ወደ ላንቃ ሸሸ አይደል? ጎለተም ጉልቻ ሲሆን "ት" እንዲሁ ወደ "ች" ሸሽታለች።

ጉልቻስ ለምን ሦስት ሆነ? ሦስት ስኒ ድፉና ትሪ ጫኑባቸው። ከአንዱ ሥር የታጠፈ ወረቀት ብታስገቡ ትሪው ትንሽ ያዘነብላል እንጂ አይወዛወዝም። አራተኛ ስኒ ጨምሩ። አሁን ትሪው ይንገጫገጫል። ሦስቱ ምን ጊዜም ይስማማሉ፤ አራተኛው ነው ጠብ የሚያመጣው። መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆንም ድስቱ ጸጥ ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ባለ ሦስት እግሯ ዱካም እንዲያው፤ ባለ አራቱ ጠረጴዛችን ግን ካርቶን ይወተፍለታል። (የከሰል ምድጃችሁን ጠርዝ ቁጠሩት፤ ሦስት ጉብታ ሳይኖረው አይቀርም።)

የ"ጉልት" ትልቅ ታሪክ ግን መሬት ላይ ነው። ድሮ ንጉሥ ለመኳንንት ወይም ለገዳም ጉልት ሲሰጥ የሚሰጠው አፈሩን ሳይሆን ከአራሹ ግብር የመቀበል መብቱን ነበር። የሚታረሰው መሬት በርስትነት ከወላጅ ለልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ባለጉልቱ ደግሞ ድርሻውን ይጠብቅ ነበር። በወንጌል ብራናዎች ላይ የሰፈሩ የስጦታ ጽሑፎች "ጐለትኩ" ይላሉ፤ ያው ሥር ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ጉልቱ ቀረ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሆነ።

ዛሬ ጉልት ላይ ግብር ጠያቂዎቹ እኛ ነን። ሽንኩርቱ ተመዝኖ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ፌስታሉ ታስሮ ሳለ እጃችንን ዘርግተን፦ "ምርቃቱስ?"