ኦሌይል አልኮል፦ ከስሙ ይልቅ ምንጩን እንጠይቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ክሬም ወይም የፀጉር ቅባት ገዝተን ጀርባው ላይ «ኦሌይል አልኮል» የሚል ስናነብ የምንደነግጥ ጥቂት አይደለንም። አንድ የዶርም ጓደኛዬ ገና ያልተጀመረ ክሬም በዚሁ ምክንያት ጥሏል። ጥንቃቄው ያስመሰግነዋል፤ ያስጨነቀው ግን ስሙ ነበር፤ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነገር ነው።

«አልኮል» ከዐረብኛው «አል-ኩሕል» የመጣ ቃል ሲሆን በኬሚስትሪ የአንድ ሰፊ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። የሚያሰክረው ኢታኖል 2 ካርቦን አለው፤ ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ይቀላቀላል፤ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ኦሌይል አልኮል ግን 18 ካርቦን ያለው፣ ከስብና ከዘይት የሚሠራ ቅባታማ ፈሳሽ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ የሚፈላውም ከ300 ዲግሪ በላይ ነው።

በ9ኛውና በ10ኛው ካርቦን መካከል ያለው ድርብ ትስስር ሞለኪውሉን ስለሚያጎብጠው ተጠጋግቶ ለመርጋት ይቸገራል። ድርብ ትስስር የሌለው ስቴአሪል አልኮል፣ ካርቦኑ እኩል 18 ቢሆንም፣ እንደ ሰም የጠጠረ ነው፤ የሚቀልጠው በ59 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ፋብሪካዎች ደረጃውን የሚለዩት በተለይ በአዮዲን ቁጥር ነው፤ ይኸውም 100 ግራም ናሙና የሚይዘው የአዮዲን ግራም ነው። የንጹሑ ቁጥር 95 ገደማ ይሆናል። እንደ ስቴአሪል ያሉ አልኮሎች በተቀላቀሉበት መጠን ቁጥሩ ይወርዳል፤ ፈሳሹም ቀዝቀዝ ሲል ይደፈርሳል ወይም ይረጋል። ንጹሕ የሆነው ቆዳ ለሚያለሰልሱ ክሬሞችና ለሊፕስቲክ ይመረጣል። ሌላው ለማሽን ማለስለሻና ለጽዳት ኬሚካሎች ጥሬ ዕቃነት ይውላል።

ነገር ግን የአዮዲን ቁጥር ንጽሕናን እንጂ ምንጭን አይናገርም። ኦሌይል አልኮል ቀድሞ ከዓሣ ነባሪ ዘይት ይገኝ ነበር፤ ከእንስሳ ሞራም ከዕፅዋት ዘይትም ይሠራል። ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ብናየውም ከወይራ ይምጣ ከሞራ በቀላሉ አንለየውም።

ስለዚህ ጥያቄያችን «አልኮል አለው ወይ?» ሳይሆን «ቅባቱ ከምን መጣ?» ይሁን። «ከዕፅዋት የተገኘ» የሚል ጽሑፍ ወይም የሐላል ማረጋገጫ እንፈልግ፤ ከሌለው አምራቹን እንጠይቅ። ከሞራ ከሆነ፣ የየትኛው እንስሳ እንደሆነና እንዴት እንደታረደ ጥያቄ ይነሳል። ነገሩ በፋብሪካ ሲለወጥ ሑክሙ ይለወጣል ወይ የሚለው፣ ማለትም የኢስቲሓላ ጉዳይ፣ መዝሀቦች የተለያዩበት ስለሆነ ለዑለሞቻችን እንተወው። የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ጥያቄውን በትክክል ይዞላቸው መሄድ ነው።

ወላሁ አዕለም።