ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው ደመወዙ በምን ይቆረጣል?

በተግባር ማስተማር ላይ ሳለን አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ተምሬ እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለአሜሪካ ኩባንያ ብሠራ እንደ አሜሪካኖቹ ይከፈለኛል?» አለን። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። ጥያቄው ነገ ለያንዳንዳችን የሚቀርብ ነውና አብረን እንየው።

ደመወዝም እንደ ማንኛውም ዋጋ ፈላጊና አቅራቢ ሲገናኙ የሚቆረጥ ነው። የጤፍን ገበያ እናስታውስ። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ያለ ገበሬ ጤፉን ለአካባቢው ነጋዴ በርካሽ ይሸጣል። መንገድ ሲከፈት ሌላ ገዢ ስለሚመጣለት ዋጋው ከፍ ይላል። በአንጻሩ ከተማ አጠገብ ሆኖ በውድ ይሸጥ የነበረው ተወዳዳሪ ይመጣበታል። ከሩቅ ሆኖ መሥራትም እንዲሁ አዲስ መንገድ ነው፤ የሚጓዘው ግን እህል ሳይሆን እውቀት ነው።

ለምሳሌ ያህል አሜሪካንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲገባ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ተላኩ። በዚያው ዓመት ፌስቡክ ደመወዝ እንደ መኖሪያው ቦታ እንደሚስተካከል አስታወቀ። ስትራይፕ ውድ ከተሞችን ለቆ ለሚሄድ ሠራተኛ 20,000 ዶላር አንድ ጊዜ ሰጥቶ ደመወዙን እስከ 10 ከመቶ ለመቀነስ ወሰነ። ሬዲት ግን «አሜሪካ ውስጥ የትም ኑሩ፣ ክፍያው አንድ ነው» የሚል መመሪያ አወጣ።

የሠራተኛው ፍላጎትም ዋጋ አለው። ማስ እና ፓሌስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ አመልካቾች ከቤት ለመሥራት ሲሉ በአማካይ 8 ከመቶ የሚሆን ደመወዝ ለመተው ፈቃደኞች ሆነው ተገኝተዋል።

ትልቁ ነገር ግን የፈላጊው ብዛት ነው። በ2021 ኩባንያዎች በርካሽ ወለድ እየተበደሩ ሠራተኛ ሲሻሙ ደመወዝ ወጣ። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ በ2023 ከ5 ከመቶ በላይ አደረሰው። ታዲያ ምን ሆነ? ሜታ በኅዳር 2022 ከ11,000 በላይ፣ ጉግል በጥር 2023 12,000 ያህል ሠራተኞችን እንደሚቀንሱ አስታወቁ። አማዞን ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹ በሳምንት 5 ቀን እንዲገቡ አዘዘ። ሠራተኛ ሲፈለግ «ቤቴ ሆኜ ልሥራ» ይላል፤ ፈላጊ ሲጠፋ «ቢሮ ግባ» ይባላል።

እንግዲህ ለተማሪያችን ምን እንበለው? እንደ አሜሪካኖቹ ላይከፈልህ ይችላል፤ ብዙ ቀጣሪ ሥራውን ብቻ ሳይሆን መኖሪያህንና ያለህን ሌላ አማራጭ አይቶ ነው የሚከፍል። ቢሆንም የሰፈርህ ቀጣሪ ከሚሰጥህ የተሻለ ልታገኝ ትችላለህ። መንገዱ ግን ጥርጊያ ይፈልጋል፦ መብራት፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔት፣ እንግሊዝኛ። ሳን ፍራንሲስኮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ሲጀመር እኛ ዘንድ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ነውና ሌሊት መሥራትም አለ።

መብራቱና ኢንተርኔቱ በእጃችን አይደሉም። ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የምናስይዘው እኛው ነን።