ከጉደር ወደ ወንጪ

ጉደር ላደገ ሰው ውሃ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ከጉደር ፏፏቴ የተማርኩት ሲወርድ የሚያገሳውን ውሃ ብቻ ነበር። ዝም ያለውን ያየሁት ወንጪ ነው።

ከጉደር 12 ኪሎ ሜትር ወደ አምቦ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በወሊሶው መንገድ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ መሬቱ ከእግር ሥር ይከዳል። ወንጪ ጥንት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ 3,386 ሜትር ሲሆን፣ ሐይቁ ከዚያ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ጎድጓዳው ውስጥ ተኝቷል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሎጅም ተሠርቶበታል። ደስ ይላል፤ የገበሬዎቹ የእግር መንገድና የፈረስ አከራዮቹ ተራ ግን እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ።

ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ፣ ፈረሱን ለመመለሻው ያዙ። በፈረስ የወረደ ሰው አስታውን፣ ኮሶውን፣ በየጓሮው የተተከለውን እንሰት ሳያስተውል ያልፋል። የውሃ ወፍጮውንማ ጨርሶ አያየውም። እኔ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከላይ በቦይ የመጣው ውሃ ከወለሉ ሥር ያለውን የእንጨት መዘውር ይመታል፤ ላይኛው ድንጋይ ይዞራል፤ እህሉ ከቅርጫቱ ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠባል። ባለወፍጮዋ እናት «እጅህን አምጣ፣ ልጄ» ብለው ዱቄት ዘገኑልኝ። ሞቅ ያለ ነበር።

ታች ሐይቁ ዳር ጀልባ ይጠብቃል። በደሴቲቱ ላይ ጥንታዊው የቂርቆስ ገዳም አለ። ምዕመናን ጥር 15 እና ሐምሌ 19 ቀን ለንግሥ በታንኳ ይሻገራሉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ጎረቤቱ ደንዲ ነው። እሱም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ ስምንት ቁጥር ይመስላል። ተመራማሪዎች ከወለሉ ያወጡት ደለል የ12,000 ዓመት ያህል የዝናብና የድርቅ ታሪክ ይዟል። ሁለቱ ሐይቆች ይህን ያህል ተቀራርበው ሳለ የወንጪ ውሃ ወደ ኦሞ ሲሄድ፣ የደንዲው በሁሉቃ ወንዝ አምቦን አቋርጦ ከጉደር ወንዝ ጋር ወደ ዓባይ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬን የምታጠብበት ውሃ ከዚያ ተራራ ላይ ከሚገኝ ሐይቅ የመጣ ኖሯል።