ድንብላላችሁ በሙቀት ካበበ አትንቀሉት

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ የምትኖሩ ይሄን ታውቁታላችሁ። ድንብላል ትዘራላችሁ፣ ቅጠሉን ሁለቴ እንኳን ሳትቀነጥሱ ግንዱ ሽቅብ ይረዝምና ነጭ አበባ ያወጣል። እኔ አምና "ተበላሸ" ብዬ ነቅዬ ጣልኩት። ተሳስቼ ነበር።

ተክሉ አልታመመም። ድንብላል የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው፤ ከሰዓቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠል ማብዛቱን ይተውና ሳይሞት ዘር ለመተካት ይሮጣል። ለቅጠሉ የዘራ ሰው ቢያዝን እውነቱን ነው። እኛ ቤት ግን በዋናነት የሚፈለገው ፍሬው አይደል? ቡናማ እስኪሆን ጠብቁት፣ ከዚያ ቆርጣችሁ አድርቁት። በሶብላም እንደዛው ነው፤ ለሽሮና ለበርበሬ አበባውም ይገባል። ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ቅጠሉን ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ገና እንቡጥ ሲይዝ ጫፉን ቀንጥሱት፣ በጎን ያቆጠቁጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ስናይ ጆግ ይዘን እንሮጣለን። መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፣ ማታ ራሱ ቀና ይላል። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ ግን በቀጥታ ከሮቶው አይሁን። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ የሚለቀው ውሃ እጅ ያቃጥላል፣ ሥሩንም ይቀቅለዋል። ጠዋት ቀድታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። የተከላችሁበት ጀሪካንም ይግላል፤ በጆንያ ጠቅልሉትና የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት። የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ሙቀቱን ይችለዋል፣ እሱን የሚገድለው ውሃ ማብዛት ነው።

ጤና አዳም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ያቃጥላል። ቁስሉ የሚወጣው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያገናኘውም። ለቡና የምትቆርጡት ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ባትጠጣው ይሻላል።

ወደ ድስቱ ስንመጣ፣ ሽታው ያለው ቶሎ በሚተን ዘይት ውስጥ ነው። እርጥብ በሶብላ ከሽንኩርቱ ጋር ገብቶ ግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ ሽታው የሚደርሰው ለጎረቤት ነው (ጎረቤት አይጠላም መቼም)። ሽሮው ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከትፋችሁ ጨምሩና ክደኑት። የጥብስ ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ ስጋው መቅላት ሲጀምር ቢገባም ችግር የለውም።