ጨነቅ ላይ ምን ይበስላል?

ጨነቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 3,620 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የካምፕ ቦታ ነው። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጎንደር ላይ 93 ገደማ፣ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ደግሞ 100 ነው። በሞተር ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ራቱን በራሱ እጅ ሊሠራ ያሰበ ሰው ከማንኛውም የወጥ አሠራር በፊት ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባል።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ውኃውን የሚጫነው ነገር ስለሚቀል በትንሽ ሙቀት መንተክተክ ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብሎ መያዝ ይበቃል። ጨነቅ ላይ ያለው ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። እሳቱን ቢያበረቱት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ88 አያልፍም። ምስር፣ ባቄላ፣ የአተር ክክ ደግሞ የሚበስሉት በውኃው ሙቀት ነው። ቤት በግማሽ ሰዓት የሚደርሰው ክክ እዚህ ሰዓት አልፎም ጥሬ ጥሬ ይላል። ያመጡት ነዳጅ ያልቃል፤ ይጨልማል፤ ሰው ሳይበላ ይተኛል። ክዳኑ የሚቆለፍ የግፊት ድስት ችግሩን ይፈታል፤ ክብደቱ ግን ለሞተር አይመችም።

የሀገራችን ስንቅ ይህን ችግር የፈታው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ከባዱን እሳት ቤት ጨርሶ፣ መንገድ ላይ ውኃ ብቻ መጨመር፤ ዘዴው ይኸው ነው። በሶ የተቆላና የተፈጨ ገብስ ነው፤ እሳት አይፈልግም። ሽሮ ከመፈጨቱ በፊት ተቆልቷል። ድርቆሽ አንዴ ተጋግሮ የደረቀ እንጀራ ነው። ቋንጣ ደርቆ ክብደቱን ጥሏል። ዘማችና ነጋዴ በአቁማዳና በስልቻ ይዘው የተጓዙት እነዚህን ነው። በከፍታ የሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦችም እዚሁ መልስ ላይ ደርሰዋል። የቲቤት ሰዎች ሳምፓ የሚሉት የየዕለት ምግባቸው ከእኛ በሶ ጋር አንድ ነው፤ ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፣ በሻይና በቅቤ ይታሻል። የአንዲስ ተራራ ገበሬዎችም ድንቻቸውን በሌሊት ውርጭ አቀዝቅዘው በቀን ፀሐይ ያደርቁታል። እኔ በበኩሌ የዛሬ የሞተር ተጓዥ በውድ የሚሸጥ የታሸገ የካምፕ ምግብ ከመፈለጉ በፊት እናቱ ጓዳ ውስጥ ያለውን እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጨረሻው ገበያ ደባርቅ ስለሆነ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ዳቦ እዚያ ይገዛል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው፤ የመንገዱን ሁኔታና ሰላም አጣርቶ፣ መግቢያውን ከፍሎ፣ ስካውት የሚባለውን የፓርክ ጠባቂ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በሳንካበር አድርጎ እስከ ጨነቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠር መንገድ ነው። ይህ መንገድ ዕቃን ይፈትናል። በንዝረቱ ክዳን ይላላል፤ ፌስታል ከፌስታል ጋር ተፋትጎ ይበሳል። ዱቄትና ሽሮ ጠንከር ባለ የጨርቅ ከረጢት፣ ቅቤና ቁሌት ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ ዕቃ ይሁን። ቤንዚን የያዘ ዕቃ ምግብ ካለበት ቦርሳ ጋር ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ሽታው ብቻውን በሶውን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ድስቱ። የመጀመሪያው ምሽት ራት ሽሮ ቢሆን ይመረጣል። ቤት ሳሉ ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ ዘይትና በርበሬ ጨምረው፣ ውኃው ተኖ ዘይቱ እስኪወጣ ያቆዩት። ይህ ቁሌት ጨው በዛ ተደርጎበት ከቀዘቀዘ በደጋው ብርድ ሁለት ቀን ያለ ችግር ይቆያል። ካምፕ ሲደርሱ ለሁለት ሰው ሦስት ማንኪያ ቁሌት ያሙቁና ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውኃ ያፍሉበት። አራት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ አስቀድመው በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ይጨምሩ። ደረቁ ሽሮ በጨለማና በደነዘዘ እጅ በሚፈላ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ይጓጉላል። አሥር ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ቢያቆዩት ይበቃል። ከዚያ ድርቆሹን እዚያው ድስት ውስጥ ፈርፍረው፣ ከድነው፣ እሳቱን ያጥፉ። እንጀራው መረቁን እስኪጠጣ መታገሥ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነዳጅ አይወጣም።

ሁለተኛው ምሽት የቋንጣ ፍርፍር ነው። አሠራሩ ያው ነው፤ ቋንጣው ግን ቤት ሳለ በደቃቁ ተሰባብሮ ይምጣ። ድፍኑ ቋንጣ በ88 ዲግሪ ውኃ እስኪለሰልስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ድንኳን ሲተክሉ ቀድመው በለብታ ውኃ ቢዘፈዝፉት ደግሞ እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ በጣም ያጥራል። ፓስታም እንዲሁ ቀድሞ ቢዘፈዘፍ ይሻለዋል።

መጥበሻን ግን ይህ የውኃ ሕግ አይገዛውም። ደረቅ ብረት ወይም ዘይት 88 ላይ አይቆምም፤ ቤት የሚግለውን ያህል ይግላል። ስለዚህ ጨነቅ ላይ ቂጣ ልክ እንደ ቤት ይበስላል። የጠዋቱ ምግብ ጨጨብሳ ቢሆን የምለው ለዚህ ነው፤ ስስ ቂጣ ተጋግሮ፣ ተቆራርጦ፣ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ይታሻል። እንቁላል ጥብስም ይሄዳል፤ ቅቅሉ ነው የሚያስቸግረው። ድንችም በስሱ ተከትፎ ቢጠበስ ከመቀቀል በብዙ ይፈጥናል። ከሰዓት ወደ ቧሂት ተራራ ለመውጣት ያሰበ ደግሞ በሶውን በማርና በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ወይም በቅቤና በጨው ጨብጦ ኪሱ ይያዝ። ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ በዚያ ሰዓት ሆድ ሳያስጨንቅ ጉልበት የሚሰጥ ከበሶ የተሻለ አላውቅም።

ስለ እሳት ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በፓርኩ ውስጥ እንጨት አይለቀምም፣ የአስታ ዛፍ አይቆረጥም። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች እስከመምጣት ተደርሷል። ስለዚህ ምድጃ ይያዙ። ለሞተረኛ የሚመቸው በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ ምድጃ ነው፤ ነዳጁ ከራሱ ታንክ ይቀዳል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ጋዝ በብርድ ግፊቱ ስለሚደክም ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ከጎን ይደር። ነፋስ ለመከላከል ብዙ ሰው ምድጃውን ሞተሩ ጥግ ያስቀምጣል፤ ይህ ከቤንዚን ታንክ ሥር እሳት መለኮስ ነው። ድንጋይ ይከልሉበት። ድንኳን ውስጥም ምንም ቢበርድ ምድጃ አይለኮስም፤ የማይታይና የማይሸት ጭሱ ተኝተው ሳለ ይገድላል።

ፍም የሚያምረው ሰው ከፓርኩ ውጪ፣ ዳባት አካባቢ ባለቤቱን አስፈቅዶ ባደረበት ማሳ ዳር፣ ብርኩታ ይሞክር። የዘማችና የእረኛ ዳቦ ነው። ጠጠር ያለ ሊጥ ይቦካል፤ እሳት ውስጥ የጋለ ድንጋይ በሊጡ ይጠቀለላል፤ ፍም ላይ እየተገላበጠ ይጋገራል። ከውስጥ ድንጋዩ፣ ከውጭ ፍሙ ስለሚያበስሉት ድስትም ምጣድም አያሻም። ድንጋዩ ከወንዝ የተነሣ አይሁን፤ እርጥበት የያዘ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል።

ውኃ ከምንጭም ከወንዝም ቢቀዳ ይፈላ። 88 ዲግሪ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይምጣ፤ የሸክላ ጀበና ያንን ጠጠር መንገድ አይችለውም።

ስንቅ ሲሰፈር ስካውቱ መቆጠር አለበት። ብቻዎን ቢሄዱም የሁለት ሰው ምግብ ይያዙ፤ አብሮ ያደረ ሰው እያየ መብላት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ቅቤውና ቋንጣው ለብቻ ተቀምጦ ሽሮው በዘይት ይሠራ፤ ቁሌቱን መጀመሪያውኑ በዘይት ማዘጋጀት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የተረፈ ምግብ ሜዳ ላይ አይደፋ። ጨነቅ ላይ ቁራው ደፋር ነው፤ ክፍት የተተወ ቦርሳ ይበረብራል። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖረው በሣር ነው፤ ዳቦ የለመደ መንጋ ግን ከካምፕ አይርቅም። ድስቱ ከጅረቱ ራቅ ብሎ ይታጠብ። ባዶ ቆርቆሮውና ፌስታሉ ወደ ደባርቅ ይመለስ፤ ስንቁ ስላለቀ ቦርሳው ውስጥ ቦታ አለ።