ከጣርማ በር ቁልቁለት በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ የካፖርቱን ቁልፍ ይቈልፋል። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቈፈሩትን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ግን ካፖርቱን ብቻ ሳይሆን ኮቱንም አውልቆ በክንዱ ይይዛል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ሸዋ ሮቢት በ1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ቁልቁለት በአውቶቡስ መስኮት ለሚመለከተው ሰው መልካም ትርኢት ነው፤ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ለሚወርድ ሰው ግን ፈተና ነው።

ባለፈው በጋ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬን ለመጠየቅ ወደዚያው ወርጄ ነበር። ጓደኛዬ በግብርና ትምህርት ተመርቆ በይፋት ቆላ የተመደበ፣ ማሽላና ማሾ ከሚዘሩት ገበሬዎች ጋር የሚውል ወጣት ነው። ለሥራው የተሰጠችው ያማሃ ሞተር ብስክሌት ከእርሱም ከእኔም በዕድሜ ትበልጣለች። ቤቱ ስደርስ ቀኝ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ አገኘሁት።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አንገቷን ደፍታ ጣለችኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ሲና ሲመለስ፣ ጠጠር በበዛበት አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ቢይዝ፣ የሞተሯ ፊት እስከ መጨረሻው ሰመጠ። የፊቱ ጎማም አንድ ሁለት ጊዜ ነጥሮ መሬቱን ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ጓደኞቹ «አርጅታለች፤ ወደ መጋዘን ትመለስ» ብለው ፈረዱባት። ነገር ግን ሌላ ሞተር በቅርቡ እንደማይመጣ እርሱም እነርሱም ያውቃሉ። የዘር ጊዜ ሳይደርስ ሊያያቸው የሚገባው መንደሮች ደግሞ በእግር የሚዳረሱ አልነበሩም። ስለዚህ ጥያቄው የአንዲት ሞተር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው ምክር በጊዜው ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚል ነበር።

በማግሥቱ ሞተሯን እየገፋን በሥራው የታወቁ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ሽማግሌው ቡሎን ለመፍታት አልቸኰሉም። «ልጄ፣ ሕመሙን ሳታውቅ መድኃኒት አታዝዝ» አሉትና የፊቱን ጎማ ከመሬት በድጋፍ አስነሡት። ከዚያም ሁለቱን የፊት እግሮች ከታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቁ፤ መሪውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀስታ አዞሩት። የመሪው አንገት ኩሽኔታ ላልቶ ወይም ተበልቶ ከሆነ፣ የፊቱን ሞላ ቢያስተካክሉት ባያስተካክሉት ዋጋ የለውም። የእኛዋ ጥቂት ላልታ ስለ ነበር፣ በዳዶው አጠበቁላትና ወደ ዋናው ጉዳይ አለፉ።

አንባቢ እንዲከተለን ስለ ዋናው ጉዳይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት እግሮች እያንዳንዳቸው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተቱ ሁለት ቱቦዎች ናቸው። በውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ። ሞላው ሸክሙን ይሸከማል፤ ነገር ግን የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይወረውራል እንጂ አያጠፋውም። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ያንን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። ሞላ ያለ ዘይት እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ዘይትም ያለ ሞላ አንድ ጊዜ ከሰመጠ አይነሣም።

ይህ ብልሃት እጅግ የቈየ አይደለም። የኢጣሊያ ጦር ወደ አገራችን ይዟቸው የመጣው እንደ ሞቶ ጉዚ ያሉት ሞተሮች የፊት ጎማቸው በብረት ክንዶችና በሞላ የተያዘ ነበር፤ ንጥረታቸውንም የሚያበርደው የሰሌዳዎች ፍትጊያ እንጂ ዘይት አልነበረም። በዘይት የሚሠራውን ቱቦ በፋብሪካ ምርት ላይ አስቀድሞ ያዋለው የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው ሲሆን፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘዴው በሌሎቹም ፋብሪካዎች ተስፋፋ።

ሽማግሌው ሁለቱን እግሮች ፈትተው ዘይታቸውን በየብርጭቆው ቀዱ። ከግራው 90 ሚሊሊትር፣ ከቀኙ 160 ሚሊሊትር ወጣ። ሁለቱም ጥቁርና ወፍራም ነበሩ። ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ የጠገናት ሰው ለካ የሞተር ዘይት በግምት ሞልቶባት ኖሯል። ወፍራም ዘይት ሞተሯን የሚያጠነክር ይመስላል። ነገር ግን ጎማው ጕድጓድ ገብቶ ሲወጣ እግሩ ቶሎ አይመለስም፤ ሁለተኛው ጕድጓድ ሳይነሣ ያገኘዋል፤ ሦስተኛውም ይጨመርበታል። እንዲህ እየሰመጠ ሄዶ ፍሬን በሚያዝበት ሰዓት የቀረ ጉዞ አይኖረውም። የጓደኛዬ አወዳደቅ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

በቆላው አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ዘይት በብርድ ይወፍራል፤ በሙቀት ይቀጥናል። ማለዳ በጣርማ በር የደነደነ እግር እኩለ ቀን በሮቢት ሙቀት ይልላል። እንደዚሁም በሮቢት የታሸገ አየር ወደ ደጋ ሲወጣ፣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ከውስጥ ሆኖ የዘይት መከላከያውን ጎማ ይገፋዋል። የይፋት አቧራም በተንሸራታቹ ቱቦ ላይ ሲጣበቅ ያንኑ ጎማ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ሽማግሌው ቱቦዎቹን በመስተዋት ላይ አንከባልለው አለመጣመማቸውን አረጋገጡ፤ የዝገት ነጠብጣቡን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፤ መከላከያ ጎማዎቹንም ለወጡ።

ከዚያም ቍጥር 10 የሹካ ዘይት አስመጥተው ሞሉ። ልኩን በብርጭቆ ብቻ አላመኑም። ሞላውን አውጥተው፣ እግሩን እስከ መጨረሻ ጨምቀው፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለውን በማስመሪያ ለክተው ግራና ቀኙን እኩል አደረጉ። ዘይቱ ከፍ ባለ ቍጥር ከላይ የሚቀረው አየር ያንሳል፤ እግሩም በጉዞው መጨረሻ ይጠነክራል።

የቀረው የሞላው ጉዳይ ነበር። ሽማግሌው በተንሸራታቹ ቱቦ ላይ ክር አሰሩና ጓደኛዬን በኮርቻው ላይ አስቀመጡት፤ እኔና አንድ ረዳት ደግፈን ያዝን። ሞተሯ ከሙሉ ቁመቷ 68 ሚሊሜትር ወረደች። የእግሩ ሙሉ ጉዞ 150 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ ነጂው ገና ሳይንቀሳቀስ ከግማሹ ጥቂት የሚያንስ ጉዞ አልቋል ማለት ነው። የሚገባው ከሩብ እስከ ሲሶ ነው። በየሞላው አናት ላይ 25 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው የቧንቧ ቍራጮች ቢጨመሩ መውረዱ ወደ 43 ሚሊሜትር ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እንግዲያውስ 50 ብናደርገው የበለጠ አይጠነክርም?» አልኳቸው።

«አይጠነክርም። ሞላው ያው ሞላ ነው፤ ከፍ ብሎ ይቆማል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ከመጠን በላይ ከጨመቅኸው ደግሞ ጥምዝምዙ ተነካክቶ እንደ ብረት ዱላ ይሆናል» አሉኝ።

በመጨረሻ እግሮቹን በመያዣዎቻቸው ውስጥ በእኩል ቁመት አቁመው፣ የጎማውን ዘንግ አጥብቀው፣ ፊቱን ደጋግመው ወደ ታች ተጭነው፣ የቀሩትን ቡሎኖች አጠበቁ። ቱቦዎቹ ተጣምመው ከታሰሩ፣ ሌላው ሥራ ሁሉ መልካም ቢሆን እንኳ እግሩ እየያዘ ያስቸግራል።

ክንዱ ከዳነ በኋላ ጓደኛዬ ያንኑ ቁልቁለት ወርዶ ጻፈልኝ። ሞተሯ ዛሬም አሮጌ ናት፤ ጭስዋም አልቀረም፤ ነገር ግን ፍሬን ሲይዝ አንገቷን በልክ ዝቅ አድርጋ ቀና ትላለች። መንደሮቹንም ከዘሩ በፊት አዳርሷል። የዘይቱን ዓይነት፣ ከአፉ የተለካውን ቁመትና የቧንቧውን ልክ በማስታወሻ ደብተሩ መዝግቦ፣ አንዱን ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ አኑሯል።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ወጥተን ወደ ሥራ ስንገባ የሚጠብቀን ዕቃ አዲስ አይደለም። አሮጌ የጽሕፈት ማሽን፣ አሮጌ ፓምፕ፣ አሮጌ መኪና እንረከባለን። «አርጅቷል» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ከመፍረድ በፊት ግን ከግራው ስንት፣ ከቀኙ ስንት እንደ ወጣ በብርጭቆ መለካት ይገባል።