በትሪቪው ላይ የተማሪ ስም እንዳይቆረጥ

በዚህ እትም ካቶር ባለው የኮምፒውተር ክፍላችን ያጋጠመንን አንድ ስህተት ከነመፍትሔው እናካፍላችኋለን።

ትሪቪው ማለት የዊንዶውስን ፎልደሮች ስንከፍት በግራ በኩል የምናየው፣ ምልክቱን ሲጫኑት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዘረጋው ዝርዝር ነው። እኛም በሲ ሻርፕ የተማሪዎች መዝገብ ስንሠራ ክፍሎቹን ግንድ፣ ተማሪዎቹን ቅርንጫፍ አደረግናቸው። ለፈተና የተመዘገቡት ጎላ ብለው እንዲታዩ ደግሞ ኖድፎንት በሚባለው በኩል የስማቸውን ፊደል ትልቅና ደማቅ አደረግነው።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? «አበበች» የመጨረሻ ፊደሏ ተቆርጦ «አበበ» ሆና ቁጭ አለች! እዚያው ክፍል አበበ የሚባል ልጅ ስለነበረ የእሷ ውጤት ለእሱ ተሞላ። ልጅቷ ውጤት የለሽም ተብላ እያለቀሰች ስትመጣ ነው የነቃነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ትሪቪው ለእያንዳንዱ ስም ቦታ የሚለካው በራሱ በዛፉ ፎንት እንጂ ለቅርንጫፉ በሰጠነው ኖድፎንት አይደለም። ስለዚህ የቅርንጫፉ ፊደል ከዛፉ ፊደል ሲበልጥ ትርፉ ይቆረጣል።

ምን እናድርግ?

1. ትልቁንና ደማቁን ፎንት ለዛፉ ለራሱ ስጡት፤ ተራዎቹን ስሞች በኖድፎንት አሳንሷቸው። ያኔ ቦታ ይተርፋል እንጂ አያንስም።

2. ፊደሉ ከላይ ወይም ከታች ከተቆረጠ የመስመሩን ቁመት፣ ማለትም አይተምሃይትን፣ ጨምሩ።

3. ለመለየት ብቻ ከሆነ የፊደሉን ቀለም በፎርከለር መቀየር ይበቃል። ቀለም ቦታ አይፈጅም።

4. ጽሑፉን ራሳችሁ መሳል ከፈለጋችሁ ድሮውሞድን ኦውነርድሮውቴክስት አድርጉና ሥራውን ድሮውኖድ ውስጥ ጻፉ። ይህ ከዶት ኔት 2.0 (እ.ኤ.አ. 2005) ጀምሮ ያለ ነው።

ስሙ በባዶ ሳጥኖች ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አልተገኘም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ኒያላን ይዞ መጥቷል፤ ከዊንዶውስ 8 (2012) ወዲህ ደግሞ ኤብሪማም የግዕዝ ፊደል አለው።

የልጅቷ ውጤት ተስተካክሏል። ከዚያ ወዲህ ግን የእያንዳንዱን ተማሪ መለያ ቁጥር በኖዱ ታግ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ውጤትም የምንሞላው በቁጥሩ ነው። እናንተም መዝገብ ስትሠሩ መልኩን ከማሳመራችሁ በፊት ቁጥሩን አስቀድሙ። ማሳመሩ ይደርሳል።